የትኛዋ ከተማ ትሻላለች?

በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሲገናኙ ከሚያነሡአቸው ክርክሮች አንዱ «ለኑሮ የምትሻለው የአሜሪካ ከተማ የትኛዋ ናት?» የሚለው እንደ ሆነ ከዘመዶቻችን ሰምተናል። አንዱ የወገን ብዛት ያለባትን ዋሽንግተንን ያመሰግናል፤ ሌላው አየሯ ለስላሳ የሆነውን፣ ከመንገዶቿም የአንዱ ክፍል በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመባትን ሎስ አንጀለስን ያስቀድማል፤ ሦስተኛው ደግሞ የቤት ኪራይ ይረክሳል ብሎ ዳላስን ይመርጣል። ይሁን እንጂ ክርክሩ የባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። እኛ በጋይንት መንገድ በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ሰምተነዋል፤ ያውም የአንድ ልጅ ዕድል የሚወሰንበት ሆኖ።

ጊዜው 2011 ዓ.ም.፣ መስቀል በዋለ በሳምንቱ ነበር። ከደብረ ታቦር ተነሥተን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጉናን ተራራ ግርጌ ይዘን ወደ ንፋስ መውጫ እንጓዝ ነበር። ጉና ርብንና ጉማራን ወደ ጣና የሚልክ የውኃ እናት ነው። መንገዱም ጥንታዊ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት ደጋ ላይ መንገድ እያስጠረጉ ነበር። ዛሬ ግን መንገደኛው በደርግ ዘመን ቻይናውያን በሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ ይመላለሳል።

ከጎናችን የተቀመጡት አንድ የስማዳ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ስምንተኛ ክፍልን ጨርሷል፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመንደራቸው ሩቅ ስለ ሆነም በአንዱ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየተላከለት ሊማር ነው። እርሳቸውም ደብረ ታቦር ደርሰው፣ ኪራዩ ከአቅማቸው በላይ ሆኖባቸው ይመለሱ ነበር። «ልጄን የት ላስቀምጠው?» ብለው በጠየቁን ጊዜ የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ።

«ንፋስ መውጫ ትሻላለች» አለ አንድ ወጣት ነጋዴ፤ «ዋናው መንገድ ላይ ናት፤ መኪና አይታጣም፤ ሆስፒታልም አላት።» አንዲት እናት ግን፣ «ስሟን አልሰማህም? ብርዱ ልጁን ያደርቀዋል» ብለው መለሱለትና ወደ ገበሬው ዞረው፣ «አባቴ፣ ዐርብ ገበያ ይውሰዱት፤ የታች ጋይንት አየር ይለዝባል፤ በገበያው ቀን የደጋው ገብስና የቆላው ጤፍ አንድ ላይ ይወጣል፤ ስንቅ አያጥረውም» አሉ። የእስቴ ተወላጅ የሆነ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ መካነ ኢየሱስን አመሰገነ፤ ቆማ ፋሲለደስን የመሰለ የዜማ ደብር ያለበት አገር ልጅን አያጠፋም አለ። ሌላው፣ «የገዛ አገራቸው ከተማ ወገዳ ምን ሆነችና?» ብሎ ተቈጣ፤ ስማዳ ከደጋው ተነሥታ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ በረሃ እንደምትወርድም ይዘረዝር ጀመር። ክርክሩ ጋለ፤ መንገዱም አጠረ።

ገበሬው ሁሉንም በጸጥታ ከሰሙ በኋላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ የከተሞቹን መልክ ነገራችሁኝ። እኔን የቸገረኝ ግን ልጄ ሲታመም ውኃ የሚያቀብለው ማን ነው የሚለው ነው» አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ዝም አለ።

የእኛም ልብ ወደ ቤተልሔም ሄደ። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ በየአገሩ ድጓ የተማረ ሁሉ ማስመስከር ሲሻ ወደ እርሷ ይመጣል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻም ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ቶማስ ፓኬናም የተባለው ተጓዥ ከክቡ የሣር ክዳን ሥር የተሰወረውን ጥንታዊ ሕንፃዋን አይቶ ተደንቆ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 በታተመው መጽሐፉ ጽፎላታል። እኛ ግን የምናስታውሳት በሕንፃዋ ብቻ አይደለም። በልጅነታችን ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ የውሻ መከላከያ በትር ይዘን በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል ኖረናል። ማታ ኮቾሯችንን በአንድ ላይ ስናፈስ የምንከራከረው የትኛው መንደር ይሻላል እያልን ነበር። ስለ ቤቱ ክዳንና ስለ መሬቱ ስፋት የሚያነሣ አልነበረም። «በዚያ መንደር ውሻውን ይይዙልሃል፤ በዚያ፣ ተሜ፣ ግባና እሳት ሙቅ ይሉሃል፤ በዚያኛው ደግሞ ጥሪህን ሳትጨርስ መዝጊያው ይዘጋል» እንባባል ነበር። ዝናም በቀረበት ዓመት እንኳ ከቈሎዋ ግማሽ እፍኝ ከፍላ የሰጠችን ድኻ ነበረች፤ ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ ባዶ እጃችንን የመለሰንም ነበረ። እንዲህ ሆነን አገሩን በደጆቹ ተማርነው።

ይህን ለመናገር ስንነሣ ግን ኀፍረት ያዘን። በዚያው በመስቀል ሰሞን አንድ ተማሪ የብረት በራችንን ሲያንኳኳ፣ እንግዶች ስለ ነበሩን፣ ከመቀመጫችን ሳንነሣ «እግዜር ይስጥህ» ብለን መልሰነው ነበር። ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት የእኛን ቤት ከየትኞቹ ወገን እንደ ቈጠረው መገመት አላቃተንም።

ንፋስ መውጫ ስንደርስ ገበሬውን፣ «አባቴ፣ ደላላውን እንተወውና የቆሎ ተማሪዎቹን እንጠይቅ» አልናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ያገኘናቸው ልጆች ያለ ክርክር እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ጠቈሙን። ክፍሏ ጠባብ፣ ግድግዳዋም በጢስ የጠቈረ ነበር። ባልቴቷ ግን የኪራዩን ነገር ሳያነሡ፣ «ልጁ ሕመም አለበት? ብርዱን ይችለዋል?» ብለው ጠየቁ። ገበሬውም ልጃቸውን በዚያ አኖሩት።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ደረሰ። ከተማዪቱ በታጣቂዎች እጅ በቈየችባቸው ቀናት በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. መዝግቦ አውጥቷል። ገበሬው በኋላ እንደ ነገሩን፣ ልጁ ታጣቂዎቹ ሳይገቡ ባልቴቷን እየመራ በእግር ወደ ስማዳ አውርዷቸው ነበር። መንገዱ እስኪረጋ ድረስም በገበሬው ቤት ተቀመጡ። ደጃቸውን ለባዕድ ልጅ የከፈቱት እናት በተራቸው ደጅ ተከፈተላቸው።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ልጁን ወዴት እንደሚልክ የሚጨነቀው ወላጅም በዝቷል። መንገድና ሆስፒታል፣ ኪራይና አየር ይታዩ፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጃችን ባሕር ዳር ቢሄድ ወይም ዋሽንግተን፣ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን በዚያ ደጅ የሚከፍትለት ማን እንደ ሆነ ነው። የይሁዳዋ ቤተልሔም በነቢያት ቃል የከበረች ከተማ ነበረች፤ ሆኖም በዚያች ሌሊት ለእመቤታችን በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ አልተገኘላትም። የከተማ ስም ብቻውን እንግዳን አያሳድርም።

እኛም ከዚያ ጉዞ ከተመለስን ወዲህ ከበራችን አጠገብ አንዲት መሶብ አኑረናል። የሚያንኳኳ ተማሪ ባዶ እጁን አይመለስም። ያ በመስቀል ሰሞን የመለስነው ልጅ ግን እስከ ዛሬ ተመልሶ አልመጣም።