የአባት ዕዳ ለልጅ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥቅምት 10 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ባለፈው እሑድ በስልክ ያልሽኝን ሳስበው ሰነበትኩና ተቀምጬ ብጽፍልሽ ይሻላል አልኩ። አማርኛው ከከበደሽ ቀስ እያልሽ አንብቢው። ዓመቶቹንም እንዳትቸገሪ በፈረንጆቹ ቁጥር አደርግልሻለሁ።

«አባዬ፣ ኦባማ ከተመረጠ የጥቁርና የነጭ ነገር አበቃለት» ነው ያልሽኝ። የታክሲ ጓደኞቼ ደግሞ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ «ነጭ ሲጠየቅ እመርጠዋለሁ ይላል፤ ድምፅ መስጫው ጋ ብቻውን ሲቆም ግን ሌላ ነው» ይላሉ። እኔ ከአንቺም ከእነሱም ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም።

የምትማሪበት ግዛት ራሱ ምስክር ነው። ሪችመንድ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ባርነትን አንለቅም ብለው የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ዋና ከተማ ነበረች። የባሪያ የልጅ ልጅ የሆነው ዳግላስ ዊልደር በ1989 የዚህችው ቨርጂኒያ ገዥ ሆኖ ተመረጠ፤ በመላው አሜሪካ በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ገዥ ነው። ከምርጫው በፊት በተሰበሰበው የሕዝብ አስተያየት በሰፊው ይመራ ነበር፤ ቆጠራው ሲያልቅ ግን ያሸነፈው ከ7,000 ባነሰ ድምፅ ነው። የጓደኞቼ ጥርጣሬ ከመሬት የተነሣ እንዳልሆነ ከዚህ ታያለሽ። ይሁንና ዊልደር አሸንፏል። ኦባማም ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል ነጭ የሆነባትን አዮዋን በዚህ የፈረንጆች ዓመት መጀመሪያ በፓርቲው የዕጩዎች ምርጫ አሸንፏል። ይሆናል ልጄ፤ ሊሆን ይችላል።

ቢሆንስ? ዛሬ ከ100 ሴናተሮች ውስጥ ጥቁሩ እሱ ብቻ ነው። ፕሬዚዳንት ሲሆን ወንበሩን ይለቃል፤ ምክር ቤቱ አንድም ጥቁር ሳይኖረው ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ደግሞ ሰውየው በተወለደበት በ1961 እዚህ ቨርጂኒያ ጥቁርና ነጭ ቢጋቡ ወንጀል ነበር። ኬንያዊው አባቱና የካንሳሷ ነጭ እናቱ በሃዋይ ፋንታ እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ጋብቻቸው ዳኛ ፊት ያቆማቸው ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1967 ነው። ያንን ሕግ ትክክል ነው እየተባሉ ያደጉ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ልጆችም አሳድገዋል። የአንድ ሰው መመረጥ ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት አያጥበውም። ከተመረጠ እልል በዪ፤ በማግስቱ ግን በትምህርት ቤቱ፣ በፍርድ ቤቱ፣ በፖሊስ ጣቢያው ምን ተለወጠ ብለሽ መጠየቅሽን አትተዪ።

ሁለተኛው ምክሬ የራሳችንን ቤት ይመለከታል። ቡና ላይ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች «እኛ ሐበሻ ነን፤ ከእነሱ ጋር አንቆጠርም» ሲሉ ሰምተሻል። ታክሲዬ ውስጥም አገሬን የሚጠይቅ ተሳፋሪ «እናንተ እንደዚህ አገር ጥቁሮች አይደላችሁም፤ ሠራተኞች ናችሁ» ይለኛል። ምስጋና ይመስላል፤ አንቺ ግን አትቀበዪው። ሌላውን አዋርዶ የሚያከብርሽ ሰው ነገ አንቺንም ለማዋረድ ምክንያት አያጣም። በዓድዋ ኩሪ፤ በቋንቋሽም በሃይማኖትሽም ኩሪ። ኩራትሽ ግን ሰው የምትንቂበት አይሁን።

ሙሉጌታ ሥራው የሚባለው ወንድማችን ለትምህርት መጥቶ ፖርትላንድ ይኖር ነበር። የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጠው ሲገድሉት 28 ዓመቱ ነበር፤ በሚመጣው ወር ከሞተ 20 ዓመት ይሞላዋል። ከየት ነህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ያዩት ቆዳውን ነው። ገዳዮቹን ያነሣሣውን ቡድን መሪ ለቤተሰቡ ቆመው ከከሰሱት አንዱ፣ ከጥቁሮች የመብት ትግል ማግስት አላባማ ውስጥ የተቋቋመ የሕግ ድርጅት ነው። በ1990 የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተፈረደ።

እዚህ አገር የገባንበትን በር ማን እንዳስከፈተውም እወቂ። በ1924 በወጣው ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። በትውልድ አገር የተሰፈረው ያ ኮታ የተሻረው በ1965፣ ጥቁሮች ሴልማ ድልድይ ላይ በፖሊስ ተደብድበው የመምረጥ መብታቸውን ባስከበሩበት በዚያው ዓመት ነው። እኔ በሱዳን በኩል የመጣሁት በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ ቢሆንም፣ መጀመሪያ መንገዱን የጠረገው የእነሱ ደም ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ባለውለታዎቻችን ናቸው። ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ በ1935 ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ መጥቶ አየር ኃይላችንን መርቷል። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ልጆቻችንን በረራ አስተማረ፤ በ1954 ሞቶ አዲስ አበባ ተቀበረ።

የአባት ዕዳ ለልጅ ነው ይባላል። ይህ ዕዳ የሚከፈለው አብሮ በመቆምና ድምፅ በመስጠት ነው። አንዲት ልጅ ምን ታመጣለች እንዳትዪ። በ1951 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ፋርምቪል ውስጥ ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ይሻሻል ብላ ተማሪውን አሳደመች፤ ጉዳዩ በ1954 በትምህርት ቤት ዘር መለየትን ሕገ ወጥ ካደረገው ፍርድ ውስጥ ገባ። አውራጃው ግን ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ብሎ ከ1959 እስከ 1964 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ። የፌርፋክሷ ወይዘሮ አኒ ሃርፐር ደግሞ ለመምረጥ በዓመት 1.50 ዶላር ግብር ክፈሉ መባሉን ተቃውመው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1966 አሸነፉ።

ቨርጂኒያ ከ1964 ወዲህ ለዴሞክራት ፕሬዚዳንት ድምፅዋን ሰጥታ አታውቅም፤ ዘንድሮ ግን ወዴት እንደምታዘነብል ማንም እርግጠኛ አይደለም። ማንን እንደምትመርጪ አላዝሽም፤ ለአቅመ ምርጫ ደርሰሻል። የማዝሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥቅምት 25 ማክሰኞ ሰልፉ ቢረዝምም፣ ክፍል ቢኖርሽም፣ ዝናብ ቢጥልም ድምፅሽን ሳትሰጪ እንዳታድሪ። ያሸነፈው ማንም ይሁን ማን፣ በሚቀጥለው ምርጫም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም እንዲሁ አድርጊ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፤ እደጊ፣ ተመንደጊ።

አባትሽ