ጸሎቱም ጎማውም



ዛሬ ላወያያችሁ የምፈልገው ስለ መንገድ ነው። ስለ ሰማያዊው መንገድማ ከእኔ የተሻሉ አገልጋዮች ብዙ ጽፈዋል። እኔ የምላችሁ ስለ አስፋልቱና ስለ ፒስታው፣ ከቤት ሳንወጣ ልናየው ስለሚገባን ጎማ፣ በየከተማው ወርደን ስለምንበላው ምሳ ነው። “የመጋቢ ሚስት ስለ ጎማ ምን አገባት?” የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። የመጋቢ ሚስት እኮ የኑሮዋ ግማሽ መንገድ ላይ ነው! ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ኮንፈረንስ አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ። ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ሕይወት ስመላለስ ከወንበሩ ጀርባ ሆኜ ያየሁትን ነው የማካፍላችሁ።

እኛ አማኞች መንገድ ስንጀምር አንድ መልካም ልማድ አለን። ሁላችንም መኪናው ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ አንድ ሰው ይጸልያል፤ “አሜን” እንላለን፤ ሾፌሩ ሞተሩን ያስነሣል። ይህን ልማድ እወደዋለሁ፤ ልጆቼም ይዘውት እንዲያድጉ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ልጠይቃችሁ፤ ዓይናችንን ጨፍነን ከጸለይን በኋላ ዓይናችንን ገልጠን ጎማውን የምናይ ስንቶቻችን ነን?

የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ከሕግ መጻሕፍት አንዲት ትእዛዝ ልቤ ውስጥ ቀርታለች። ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ ናት። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ባለቤቱ በደሙ ይጠየቃልና። የዚያን ዘመን ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለ ነበር ሰው ይወጣበትና ይቀመጥበት ነበር። ልብ በሉ፤ ሕዝቡን የሚጠብቀው እግዚአብሔር ራሱ ነው መከታውን ሥሩ ያለው። መከታ መሥራት አለማመን አልነበረም፤ ወደ ቤታችን ለሚመጣ ሰው የሚደረግ ፍቅር ነበር። ዛሬ አብዛኞቻችን ሰው የሚወጣበት ጣሪያ የለንም። ሰው የምናሳፍርበት መኪና ግን አለን፤ ባይኖረን እንኳ እንከራያለን።

“ጸልየናል እኮ!”

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሴቶች ኅብረታችን ለጉባኤ ወደ ሐዋሳ ሊሄድ ሚኒባስ ተከራየን። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ሴቶችና ሁለት ሕፃናት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተሰብስበን ጸለይን። ዕቃ ሲጫን እኔ መኪናውን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። የኋላው ጎማ ጥርሱ አልቆ ሽቦ አውጥቷል።

“በዚህ አንሄድም” አልኩ። ሾፌሩ ተቆጣ፤ “በዚሁ ጎማ ትናንት አዳማ ደርሼ ተመልሻለሁ” አለ። ከእህቶቻችን አንዷም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “እትዬ፣ ጸልየናል እኮ! እምነትሽ የት ሄደ?” አለችኝ። “የጸሎታችን መልስ ይኸው ሊሆን ይችላል፤ ዓይናችን እንዲከፈት” አልኳት። ሌላ መኪና እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። ያኮረፈም ነበር፤ የተራበም ነበር።

ያ የመጀመሪያው ሚኒባስ ያን ቀን ሌላ ሰው ጭኖ በሰላም ደርሶ ይሆናል። እንደዚያ እንዲሆንለት እመኛለሁ። የጥንቃቄ አስቸጋሪነቱ ይህ ነው፤ ፍሬው አይታይም። ጎማው ቢፈነዳ ኖሮ ሁሉም “ልክ ነበረች” ይል ነበር። ስላልተሳፈርንበት ግን የቀረልን ነገር ቢኖር ሦስት ሰዓት መዘግየታችን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ የሚያደርግ ሰው ምስጋና ሳይጠብቅ ማድረግን መማር አለበት።

ሳትነሡ በፊት እነዚህን እዩ

ከምናውቃቸው መካኒኮችና ከጎሚስታ ቤት የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥላችሁ። እህቶች፣ ይህ የወንዶች ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ለማየት መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም።

ጎማ፦ በጎማው ጥርሶች መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ አልቆ ከእነዚህ ጉብታዎች ጋር እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና ጎማው መቀየር አለበት። በጎማው ጎን ላይ ደግሞ የተሠራበትን ጊዜ የሚናገሩ አራት አሃዞች ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 2319 ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ሲያረጅ ይሰነጣጠቃል። የነፋሱን ልክ የሚነግር ጽሑፍ በብዙ መኪኖች የሾፌሩ በር ሲከፈት እዚያው ፍሬሙ ላይ አለ። ነፋሱ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ነው። አዲስ አበባንና አዳማን የሚያገናኘው የክፍያ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ብዙዎቻችን ከበፊቱ ፈጥነን እንነዳለን። ነፋስ ያነሰው ጎማ ደግሞ በፍጥነት ሲሄድ ይግላል፤ የጋለ ጎማ ይፈነዳል። ተቀያሪውን ጎማና ክሪኩንም አትርሱ፤ ተቀያሪው ራሱ ተንፍሶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዘይትና ውኃ፦ ዘይት የሚታየው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነው። ስለ ራዲያተር ደግሞ እናቶች የምታውቁትን ነገር ላስታውሳችሁ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላና ሽንብራ ቶሎ አልበስል የሚለን በዚህም ምክንያት ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግን ውኃውን በግፊት አፍኖ ስለሚይዘው ከዚያ በላይ ቢግልም ቶሎ አይፈላም። የጋለውን ራዲያተር ክዳን ስትከፍቱት ያ የታፈነ ውኃ ፊትና እጅ ላይ ይፈናጠራል። ስለዚህ እስኪቀዘቅዝ ታገሡ።

ፍሬን፦ በጎጃም መንገድ የሄደ ሰው የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል። ይህን ቁልቁለት ፍሬን እየረገጡ ብቻ የሚወርዱ ሰዎች ፍሬናቸው ይግላል፤ ሽታው ይመጣል፤ በመጨረሻም ፔዳሉ እየሰመጠ እንቢ ይላል። አዋቂ ሾፌር በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት አድርጎ ይወርዳል።

ቀበቶ፦ ልጅን ፊት ወንበር ላይ ማቀፍ ፍቅር ይመስለናል። መኪና በድንገት ሲቆም ግን የእናት ክንድ ልጁን ሊይዘው አይችልም። ልጆች ኋላ ይቀመጡ፤ ይታሰሩም።

ሾፌሩን ገበታ ላይ አወቅነው

ወደ ሐዋሳው መንገድ ልመልሳችሁ። የተተካልን ሚኒባስ ጎማው አዲስ፣ መቀመጫውም ንጹሕ ነበር። ስድስት ሰዓት ገደማ ዝዋይ፣ ማለትም ባቱ ደረስንና ለምሳ ወረድን። እንደ ተለመደው ሴቶቹ ክብ ሠርተን ስንቀመጥ ሾፌሩ ብቻውን ጥግ ያዘ። “ወንድሜ፣ ና አብረን እንብላ” አልኩት። “አይ እትዬ፣ እኔ ጾም ነኝ” አለ። ኦርቶዶክስ ነውና ዓርብን ይጾማል። ከእኛ ጥቂቶች ዝዋይ ተመጥቶ ዓሣ ሳይበላ እንዴት ይታለፋል ብለው ነበር፤ እውነትም የሐይቁ ዓሣ ጥብስ ያጓጓል። እኔ ግን “በአንድ መኪና መጥተን በሁለት ገበታ አንበላም” አልኩና ለሁላችንም የጾም በያይነቱ አዘዝን። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ትኩስ ሆኖ መጣ። እርሱም መጥቶ ተቀመጠ።

ጨዋታ ሲጀመር ነው ነገሩ የወጣው። ሌሊቱን ከጅማ መጥቶ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ በቅጡ ሳይተኛ ስልክ ተደውሎለት ነበር ወደ እኛ የመጣው። “ለምን አልነገርከንም?” ስንለው አቀርቅሮ፣ “ማን ይጠይቀናል?” አለ። ጎማውን ዞሬ አይቼዋለሁ፤ ዘይቱንም አስለክቻለሁ። ሰውየውን ግን ያየነው እንጀራ ስንቆርስ ነው። ከምሳ በኋላ ጥላ ሥር አስተኛነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ተኛ። እኛ ቡና አስፈልተን ጠጣን፤ ያኮረፉትም ያን ጊዜ ሳቁ። ሐዋሳ ስንደርስ ጉባኤው ተጀምሮ ነበር፤ አሥራ አንዳችንም ሁለቱ ሕፃናትም ግን ደርሰናል።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የሚበላ ምሳን እንደ ወጪ ብቻ አላየውም። ሾፌሩ በቤታችን ሰው ይሁን በኪራይ፣ በየሁለት ሰዓቱ መውረድ፣ መቀመጥ፣ ፊቱን ማየት ያስፈልጋል። ለሚነዳ ሰው ከባድ ምግብ አታብዙበት፤ ጠግቦ የስምጥ ሸለቆ ሙቀት ሲያገኘው እንቅልፍ ይጥለዋል። ቡና ጥቂት ያነቃል እንጂ እንቅልፍን አይተካም።

ስለ ምግቡም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ምግብ ሲቀርብ እንፋሎቱ የሚታይ ይሁን፤ ለብ ያለ ወጥ ለብዙ ሰዓት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ሥጋን ለመንገድ አልመክርም፤ ኮሶውን ትተን እንኳ በረሃ መካከል ሆድ ቢያመን የት እንወርዳለን? የታሸገ ውኃ ስትገዙ ክዳኑ ያልተከፈተ መሆኑን አረጋግጡ። ቤተሰብ ብዙ ከሆነ ደግሞ ሁሉን ከሆቴል መግዛት ኪስ ይጎዳል። ዳቦ፣ ሙዝና ቆሎ ከቤት ያዙና አንዱን ምሳ ብቻ ወርዳችሁ ብሉ። በደሴ መንገድ የምትሄዱማ የደብረ ሲና ቆሎ አለላችሁ! የምታስተናግዳችሁን ልጅም አመስግኑ፤ ጉርሻ ጨምሩላት። አማኞች መሆናችንን ያወቀችው ገና ስንጸልይ ነው፤ ምን ዓይነት አማኞች እንደ ሆንን የምታውቀው ግን ሂሳብ ስንከፍል ነው።

ያፈረው አገልጋይ

አንድ ከባድ ነገር ይቀረኛል። በአንድ አነስተኛ ከተማ ያገለግል የነበረ ወንድም በመኪና አደጋ ወደ ጌታ ሄደ። ባለቤቱን ለማጽናናት ሄጄ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ፣ “ጎማው እንዳለቀ ያውቅ ነበር” አለችኝ። “ለሽማግሌዎች መናገር አፈረ። የደመወዝ ቀን እየጠበቀ ነበር።” ምን እላታለሁ? እጇን ይዤ ዝም አልኩ።

መኪናው የቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የሚሄደውም ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነበር። ውድ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች፣ በትሕትና እለምናችኋለሁ። በዓመቱ በጀት ውስጥ ለድምፅ መሣሪያ እንደምታስቡ ለጎማና ለፍሬን ሸራ አንድ መስመር ጻፉ። አገልጋያችሁ እስኪለምን አትጠብቁት፤ አብዛኞቹ አይለምኑም። ከምሽት ጉባኤ በኋላም “በሌሊት ተመልሰህ ግባ” ከማለት አልጋ ያዙለት። እናንተ የአገልጋይ ሚስቶች ደግሞ ባላችሁ ሲያፍር እናንተ ተናገሩ። እኔ እናገራለሁ፤ “ነገረኛ ናት” መባልን ለቅሶ ከመቀመጥ አስበልጬ መርጫለሁ።

ለማናውቃቸውም እናስብ። ጎማ ሲተነፍስብን ከኋላ የሚመጣውን ለማስጠንቀቅ ድንጋይና ቅጠል አስፋልት ላይ እንደረድራለን። ጎማው ተቀይሮ ስንሄድ ግን ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ሌሊት የሚመጣው ሰው አያየውም። ስለዚህ ምልክት የሚሆነውን ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ መኪናችሁ ውስጥ ያዙ፤ ድንጋይ ከተጠቀማችሁም ሳታነሡ አትሂዱ። ልጆቻችሁ ከእናንተ ጋር ያንሱ፤ የማያውቁትን ሰው መውደድ በዚህ ይማራሉ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጉዟችሁ እንደ ልማዳችሁ ጸልዩ። “አሜን” ካላችሁ በኋላ ግን አንድ ሰው ይውረድና መኪናውን ይዙር፤ ሌላው ደግሞ ሾፌሩን “ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?” ብሎ ይጠይቀው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ!