ዲሲ የፈቀደው፣ ኢሚግሬሽን ያልፈቀደው!

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ የወጥ ሽታ ጋር የማሪዋና ጭስም ይቀበላችኋል። «ታዲያ ተፈቅዷል ማለት ነው?» ካላችሁ፣ መልሱ አዎም አይደለምም ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ 21 ዓመት የሞላው ሰው እስከ 2 አውንስ መያዝ ይችላል፤ መንገድ ላይ ማጨስ ግን ክልክል ነው። ለመዝናኛ እንዳይሸጥ ኮንግረስ ስላገደ፣ ሕጋዊዎቹ ሱቆች የሚሸጡት «ለሕክምና» ብቻ ነው። የሚገርመው ከ2022 ጀምሮ ያለ ሐኪም ወረቀት «ታማሚ ነኝ» ብሎ መመዝገብ ተችሏል።

ግሪን ካርድ የያዛችሁ ወጣቶች ግን አደራ! የታማሚ ካርዱ አያድናችሁም። ኢሚግሬሽን የሚያየው የፌዴራሉን ሕግ ነው፤ በ2019 ያወጣው መመሪያ፣ የከተማው ሕግ ቢፈቅድም እንኳ ማሪዋና ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ለአንድ ጭስ ብላችሁ ፓስፖርታችሁን አታቃጥሉ!