ስለ ሌንስ ምርጫ፤ ከፉሪ

ፎቶግራፍ ለጀማሪ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ይሁን እንጂ ከብዕርና ከብሩሽ ይልቅ በመሣሪያ ዋጋ የሚታሰር ጥበብ ነው። ገጣሚ በእርሳስ ቁራጭ ይጽፋል፤ ፎቶ አንሺ ግን ያለ ሌንስ ሥራውን እንኳ አይጀምርም። በተለይም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲሰላ እጅግ ተወዷል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ መግዛት የሚችል መምህር የትኛውን ይግዛ የሚለው ጥያቄ እንደ ተራ የሸመታ ጉዳይ ሊታይ አይገባውም።

ጥያቄውን ያቀረበልኝ እዚሁ ፉሪ በጉርብትና የማውቀው ወጣት የሥዕል መምህር ነው። ያለው አነስተኛ የካኖን ዲጂታል ካሜራ ሲሆን፣ አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚሳበው የተለመደው ሌንስ ነው። ሐሳቡ የሰፈሩን እናቶች በየቤታቸው፣ በየሥራቸው ላይ እንዳሉ ማንሳት ነው። ከእነርሱም አንዷ የገዛ እናቱ ናቸው፤ ዓይናቸው እየደከመ በመሄዱ ፈትላቸውን ሊተዉ ተቃርበዋል። «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ቀን እንኳ ፎቶው ይደበዝዝብኛል፤ ፍላሽ ሳበራ ደግሞ እናቴ እናቴን አትመስልም» አለኝ።

እውነቱን ነው። በአገራችን ፎቶግራፍ ለብዙ ዘመን ተነሺው ወደ አንሺው የሚሄድበት ሥራ ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት የታወቀው የቦያጂያን ቤተሰብም ሆነ በኋላ የተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ብርሃኑን እንደ ፍላጎታቸው አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። ይህ ወጣት ግን የሚሄደው ሰው ወዳለበት ነው፤ ብርሃኑንም የሚያገኘው በሩ የፈቀደለትን ያህል ብቻ ነው።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ መነሻ ጣቢያ በሆነው በፉሪ ለቡ ዙሪያ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ እዚያ ማንኛውም ሌንስ ያገለግላል። የሰው ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት በአራት ሜትር የሆነ፣ አንድ በርና አንድ ትንሽ መስኮት ያለው ክፍል ነው። የሚሳበው ሌንስ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ሲደርስ የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይጠባል። የማይሳበው፣ ፕራይም የሚባለው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል፤ የሚያስገባውም ብርሃን ከዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። በአንድ ስድስተኛ ሴኮንድ ይነሳ የነበረው በአንድ ስልሳኛ ገደማ ይነሳል ማለት ነው። በአንድ ስድስተኛ ሴኮንድ እንዝርት የሚያሾር እጅ ጉም ይሆናል፤ በአንድ ስልሳኛ እንዝርቱ ቢሽከረከርም ጣቶቹ ጣት ሆነው ይቀራሉ።

ካኖን ይህን ሌንስ በአዲስ መልክ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያወጣ ዋጋው በአሜሪካ 125 ዶላር ገደማ ነበር፤ ርካሽነቱም ዝነኛ አድርጎታል። አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይሠራ ነበር እያሉ የሚያሞግሱትም አሉ። እርሱ ይጠቀምበት የነበረው የላይካ ፊልም ግን ከእኛ ካሜራ ሴንሰር ይሰፋል፤ በእኛ ላይ 50ው እንደ 80 ያህል ሆኖ ያጠብባል። በሦስት ሜትር ርቀት የሚያሳየው ስፋት 1.34 ሜትር ብቻ ነው። ቡና አፍይውንና ረከቦቱን ይዞ እንግዶቹን ከደጅ ያስቀራል! ባለ 24 ሚሊ ሜትሩ በዚያው ርቀት 2.8 ሜትር ገደማ ያሳያል፤ ነገር ግን የሚከፈተው እስከ ኤፍ 2.8 ስለሆነ፣ የሚሳበው ሌንስ በዚያው ስፋት ከሚሰጠው ብርሃን እጥፍ ያህል ቢጨምር ነው። እኔ ብሆን የቡናውን ጨዋታ ስለምወድ 24ቱን እመርጥ ነበር።

ለእርሱ ግን አላዘዝኩትም። የሚሳበውን ሌንስ ቀለበት በፕላስተር አስሮ አንድ ሳምንት በ50፣ አንድ ሳምንት በ24 ብቻ እንዲያነሳ ነገርኩት፤ ይህ ሙከራ ገንዘብ አይጠይቅም። ቢደበዝዝም ግድ የለም፤ የሚፈተነው ዓይኑ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ የወደዳቸው ፎቶግራፎች አብዛኞቹ በ50 የተነሱ፣ ካሜራውን አቁሞ በቁመት የያዛቸው ሆኑ፤ የተቀመጠች ፈታይ ከነእንዝርቷ በዚያ ውስጥ ትገባለች። 50ውን መረጠ።

የኒኮን ባለቤት ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ይቀል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ባለ 35 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ ስፋቱንም ብርሃኑንም ያስማማል። የቆዩት ባለ «ዲ» ሌንሶች ግን በአነስተኞቹ የኒኮን ካሜራዎች ላይ በራሳቸው አያተኩሩም። በየቤቱ ሣጥን የተረሳ የሶቭየት ዜኒት ካሜራ ካለም ባለ 58 ሚሊ ሜትር ሄሊዮሱ በአንዲት ማያያዣ ቀለበት ካኖን ላይ ይገጠማል፤ ትኩረቱ በእጅ ነው፤ ለተቀመጠ ሰው ይበቃል።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ በብርሃን ላይ አንስቶ በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ እንዳለ ማየት፣ በራስ ካሜራ ላይ ገጥሞ በኤፍ 1.8ም በኤፍ 8ም ማንሳት፣ ሞተሩ ማተኮሩን ማዳመጥ ይገባል። ወጣቱ ይህን ሁሉ ሱቁ በር ላይ ቆሞ አደረገ፤ ሻጩ እስኪሰለች ድረስ። ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ከአንድ ሜትር ሲያነሳ ጥርት የሚለው ጥልቀት ሦስት ሴንቲ ሜትር እንኳ እንደማይሞላ አስቀድሜ ስለ ነገርኩት፣ አሁን ትኩረቱን ከእናቱ ፊት ላይ አንስቶ ጣቶቻቸው ላይ ማድረግን እየተለማመደ ነው። እርሳቸውም ፈትሉን ገና አልተዉም።