ከሃያ ሦስት

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ እናቶች ጽፈዋል። እኔ በበኩሌ ላወጋችሁ የፈለግሁት ከሴት ልጄ ጋር ስላጣላኝ አንድ ወረቀት ነው።

የምንኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው። እኔ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ስሆን ልጄ ሥዕል ትማራለች። አንድ ምሽት ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ላይ ጀበና የያዘ እጅ የታተመበት ወረቀት አገኘሁ። ከግርጌው በእርሳስ 3/20 ይላል። ደሜ ፈላ።

«ከሃያ ሦስት ለማምጣት ነው ይህን ሁሉ የታክሲ ገንዘብ ያወጣሁልሽ?»

ልጅቱ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ቀጥሎም በሳቅ ወደቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠዓሊው እንጨት ላይ ይቀርጽና ቀለም ቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል። ስንት እንደሚያትም አስቀድሞ ይወስናል። 3/20 ማለት ከሃያዎቹ ሦስተኛው ማለት ነው እንጂ የፈተና ውጤት አይደለም። ሃያው ሲሞላ ሌላ እንዳይታተምበት እንጨቱን በስለት ይሰርዘዋል።

ይህን ስሰማ ይባስ ተናደድሁ። እኛ ፋብሪካ አንድ የሸሚዝ ንድፍ ስንት ሺህ ይሰፋበታል፤ እንዲህ ያለ ብክነት ከቶ አይቼ አላውቅም። «ኪራይ ደርሷል፣ እንጨቱ ገና አልተሰረዘም። አሥር ብትጨምሪ ማን ያይሻል?» አልኋት።

«እማዬ፣ ሃያ ብቻ ነው ብዬ ፈርሜ የሸጥሁላቸውስ?»

መልስ አጣሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍም አልወሰደኝ።

በማግስቱ ስለ ጁሊ ምሕረቱ አጫወተችኝ። ጁሊ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደች ሠዓሊ ናት። በ2016 ሥራዎቿ ስድስት ኪሎ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሲታዩ ልጄ ገና ሕፃን ነበረች፤ መምህሯ ይዘዋቸው ሄደው ነበር። ፓርኬት የሚባል የስዊዘርላንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ነበር፤ በ1984 ዙሪክ ተጀምሮ በ2017 የቆመ። ይህ መጽሔት በየእትሙ ስለ ጥቂት ሠዓልያን ይጽፍና ሠዓልያኑ ቁጥሩ የተወሰነ፣ ፊርማቸው ያለበት ሥራ ለአንባብያን እንዲያዘጋጁ ያደርግ ነበር። ጁሊ በ2006 በ76ኛው እትም ከተሳተፉት አንዷ ናት። ትልቁን ሸራ መግዛት የማይችል ሰው በዚህ መንገድ ከሠዓሊው እጅ የወጣ ነገር ያገኛል። እርግጥ ዋጋው ለእኛ ቢጤ አይደለም።

የልጄ ሥራ እስካሁን ሰባቱ ተሸጧል። አራቱን ሸጬ እከፍላለሁ ብሎ የወሰደ ባለሱቅ ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሳታል፤ ስሙን ብጠራው ደስ ይለኝ ነበር። የዚያን ወር ኪራይ የዕቁብ ተራዬን ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ተለዋውጬ ከፈልሁ። እንጨቱን ስትሰርዘው አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሆዴ ባር ባር አለ።

ሦስተኛዋን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሳሎን ሰቅያታለሁ። ሰቅዬ ስመለከታት ነው እጁ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት። በስፌት መኪና መርፌ የተወጋው ጠቋሚ ጣቴ፣ የጥፍሩ ስንጥቅ ሳይቀር አለ።

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ ወረቀቷን ቀና ብላ አየቻትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ውይ እትዬ፣ ትምህርቱ ከበዳት እንዴ?» አለችኝ።