ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩት

የዓሣ መኖ ከኃጢአት ይቆጠራል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩት ነገር አለ።

ሐዋሳ ጓሮዬ ውስጥ ሁለት ኩሬ አስቆፍሬ አምባዛ ሳረባ የፋብሪካው መኖ ዋጋ አንገበገበኝ። ስለዚህ ከአሞራ ገደል የዓሣ ጭንቅላትና አንጀት እያመጣሁ፣ አድርቄ አስፈጨሁ። የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካና የተቆላ አኩሪ አተር ጨምሬ በሥጋ መፍጫ አወጣሁና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

አንዱን ኩሬ በፋብሪካው፣ ሌላውን በራሴ መኖ መግቤ ለሰው ላሳይ አልኩ። የዓሣ ጫጩቶቹን ስከፍል ግን ጠና ጠና ያሉትን ወደ እኔው ኩሬ አሳለፍኩ። አምባዛ እኩያው ካልሆነ እርስ በርሱ ስለሚበላላ በመጠን መለየቱ ግድ ነው። የትኞቹ የት ይግቡ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ወር መረብ ስንጥል የእኔዎቹ ገዝፈው ወጡ። ጎረቤት ጉድ አለ። ወጪውን ሲጠይቁኝ የማገዶውን፣ የወፍጮውን፣ ከሁሉም በላይ የባለቤቴን ድካም ዘለልኩት። (እሷ አምባዛ ቅርፊት የለውም ብላ አትቀምሰውም፤ አንጀቱን ስታደርቅ ግን ከረመች።)

የእኔ መኖ ውኃ ሲነካው ይፈርሳል፤ ምን ያህሉ እንደተበላ፣ ምን ያህሉ ታች እንደበሰበሰ አይታይም። የፋብሪካው ይንሳፈፋል፤ ዓሣው መብላት ሲተው አይተህ እጅህን ትሰበስባለህ። የእኔ ኩሬ ሸተተ። አምባዛ ከአየርም ስለሚተነፍስ እንደ ቆሮሶ ቶሎ አይሞትም፤ ጥፋቴን ችሎ ሸሸገልኝ።

ጎረቤቴ እትዬ አመኑኝ። ቅመራውን ነገርኳቸው፤ አኩሪ አተሩ መቆላት እንዳለበት ግን አልነገርኳቸውም። ጥሬ አኩሪ አተር ዓሣው ፕሮቲኑን በደንብ እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት። ረስቼ አይደለም። ቡና ስንጠጣ ሁለት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። አንድ መላ እንኳ ለራሴ ይቅርልኝ ብዬ ነው። ዓሣዎቻቸው ሲቀጭጩ «ጫጩት ሻጩ ነው ያታለለዎት» አልኳቸው።

ከትናንት በስቲያ አዲስ ጫጩት ከባልዲ ሲያራግፉ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ አኩሪ አተሩን ይቁሉት» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ያን ጊዜም ታውቅ ነበር?»

«አዎ» አልኳቸው።