ከእኔ ጋር የማይሆን ይውጣ

እኔና ማርክ ኢ. ስሚዝ የተዋወቅነው በተውሶ ፍላሽ ነው። አንድ ጓደኛዬ የእንግሊዝ ሙዚቃ የሞላበት ፍላሽ አዋሰኝና ስከፍተው አንድ ሰውዬ ይጮሃል። ዘፈነ አልልም። ሰክሮ የገባ ጎረቤት ሌሊት ከገዛ አጥሩ ጋር ሲጣላ አስቡት። በየቃሉ ጫፍ ላይ ደግሞ «አ» የምትል ትርፍ ድምፅ ይለጥፋል። ከኋላው ቤዝ ጊታሩ አንዲት ዜማ ይዞ እንደ ወፍጮ ይፈጫል። የመጀመሪያ ቀን ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ።

ሰውዬው በ1957 ሳልፎርድ ተወልዶ እዚያው አጠገብ ፕሬስትዊች ያደገ የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ገባ፤ ወደብ ላይ የጭነት ወረቀት የሚሞላ ጸሐፊም ነበር። በ1976 ሴክስ ፒስቶልስ ማንችስተር መጥተው ሲጫወቱ አየ። በዚያው ዓመት ከጓደኞቹ ጋር ዘ ፎልን መሠረተ። ስሙን ከአልበር ካሙ ልቦለድ ነው የወሰዱት። ከ30 በላይ አልበም አወጡ። የቢቢሲው ጆን ፒል ከማንም ባንድ አስበልጦ ይወዳቸው ስለነበር ከ1978 እስከ 2004 ድረስ 24 ጊዜ ለፕሮግራሙ ቀርጸውለታል።

አሁን ወደ ጉዱ እንግባ። በዚህ ባንድ ውስጥ ከ60 በላይ ሰው ገብቶ ወጥቷል። ሰውዬው ያባርራል። መድረክ ላይ ሰው እየተጫወተ ሳለ ሄዶ አምፕሊፋየሩን ያዛባበታል። አንዱን የድምፅ ባለሙያ ሰላጣ ስለበላ አባረረው ይባላል። (ሰላጣ!) እሱና የሰው አያት ከበሮ ይዘው ብቻቸውን ቢቀሩም ያ ዘ ፎል ነው እያለ ይቀልድ ነበር። በ1998 ኒውዮርክ ላይ የሆነው ግን አያስቅም። መድረክ ላይ ተደባደቡ፤ ከዚያም ኪቦርድ የምትጫወተውንና የፍቅር ጓደኛው የነበረችውን ሴት መታ ተብሎ ታሰረ። ባንዱም ተበተነ።

እውነቱን ልናገር? የማባረሩን ታሪክ ሳነብ ደስ ይለኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ከአራት ጓደኞቼ ጋር አንዲት የተማሪ መጽሔት እናዘጋጃለን። አርታኢው እኔ ነኝ። የሰው ጽሑፍ ሰው ፊት እቀድዳለሁ፤ ሲያኮርፉኝ «ጥራት ነው» እላለሁ። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ገጹን የሚያቀናብርልን ያ ፍላሹን ያዋሰኝ ልጅ ነበር። አንድ ማታ የርዕስ ፊደል አሳነስክ ብዬ ስጮህበት ኮምፒውተሩን ዘግቶ ወጣ። «ከእኔ ጋር የማይሆን ይውጣ» አልኩ። ስሚዝስ እንደዚያ አይደል? የሚቀጥለው እትም አልወጣም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የቤዝ ተጫዋቹ ስቲቭ ሃንሊ በ2014 ያሳተመውን መጽሐፍ አነበብኩ። ያ ወፍጮ እሱ ነው! ከ1979 ጀምሮ 19 ዓመት ያንን ሁሉ ችሎ ተጫውቶ የወጣው ከኒውዮርኩ ማታ በኋላ ነው። ጊታሪስቱ ክሬግ ስካንሎንም ከ1979 እስከ 1995 አብሮት ነበር። ዛሬ ሰው የሚያወድሳቸው የ1982ቱ «ሄክስ ኢንዳክሽን አወር» እና የ1985ቱ «ዚስ ኔሽንስ ሴቪንግ ግሬስ» ሁለቱም ባሉበት ነው የተሠሩት። እኔ ደግሞ ያንን ድምፅ የወለደው ቁጣው ይመስለኝ ነበር። ስሚዝ ባይኖር ኖሮ ሃንሊን ማንም አያውቀውም፣ ይህን አልክድም፤ እንደዚያ ያሉ ግጥሞች ሌላ ሰው አልጻፈም። ግን ጩኸቱ የቆመው በዚያ ቤዝ ላይ ነው።

የመጨረሻዎቹ ጊታሪስት፣ ቤዚስትና ድራመር ደግሞ አስር ዓመት አልፏቸው አብረውት ነበሩ። ስለ እነሱ ብዙም አይወራም፤ ያልተባረረ ሰው ወሬ አይሆንም መሰለኝ። ኖቬምበር 2017 ግላስጎው ላይ ካንሰር ያደከመው ሰውዬ በተሽከርካሪ ወንበር መጥቶ ሲጮህ ከኋላው የሚጫወቱት እነሱ ነበሩ። ጃንዋሪ 2018 በ60 ዓመቱ ሞተ።

የሞቱን ዜና ያየሁ ዕለት ለልጁ ደወልኩለት። አነሳው። ግማሽ ሰዓት ስለ ዘ ፎል አወራን፤ መጽሔቷን ማናችንም አላነሳንም። ፍላሹ አሁንም እኔ ጋ ነው።